ሃምሳ ሊሞላት ሲል የተጠራች ተዋናይት

አንድ ምሽት ከሥራ ገብቼ፣ እዚሁ ለንደን፣ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሳገላብጥ "ንግሥተ ሳባ" የሚል ርዕስ አየሁ። ቢቢሲ ነው፤ በድጋሚ የሚታይ ድራማ። ሐበሻ ይህን ርዕስ አይቶ ቻናል ይቀይራል እንዴ? ሻይዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ማክዳን ስጠብቅ የማንቸስተር ሳሎን መጣ። አንድ አሮጌ ሶፋ፣ ቴሌቪዥን ላይ ያፈጠጠ ቤተሰብ፣ ጨዋታ፣ ብሽሽቅ። ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ አልጋ ተዘርግቷል። አልጋው ላይ አንዲት አሮጊት ተኝታለች።

ልቀይረው ሪሞቱን አንስቼ ነበር። ያን ጊዜ ልጇ ባርባራ አጠገቧ ተቀምጣ ፀጉሯን ትሠራላት፣ ፊቷን ታሰማምርላት ጀመር። አሮጊቷ እየሞተች ነው። ሁለቱም ያውቃሉ። የሚያወሩት ግን ስለ ሞት አይደለም፤ እንደማንኛውም ቀን ስለ ተራ ነገር ነው። እንግሊዞች ተቀማጥላ፣ ተሞላቃ የተያዘችን ሴት ንግሥተ ሳባ ይሏታል። ርዕሱም ከዚያ የመጣ ነው። ሪሞቱን አስቀመጥኩት። ሳሎን ውስጥ አልጋ ዘርግቶ በሽተኛ ማስታመም፣ ጠያቂ ሲመጣ ፀጉሯን አበጥሮ ነጠላዋን ማስተካከል እኛም ቤት ያለ ነው። እናቴ ለአያቴ ስታደርገው አይቻለሁ።

ያቺን አሮጊት የተጫወተችው ሊዝ ስሚዝ ትባላለች። ድራማው "ዘ ሮይል ፋሚሊ" የሚባለው ተከታታይ ኮሜዲ ልዩ ክፍል ነው፤ መጀመሪያ የታየው በኦክቶበር 2006። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ያን ጊዜ ሊዝ 84 ዓመቷ ነበር። በማግስቱ ስለ እሷ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ ሁሉ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ይህች ሴት እውነተኛ የትወና ሥራ ያገኘችው 49 ዓመት ከሞላት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የትወና ሰው አልነበረችም ማለት ግን አይደለም። ነበረች። ሥራው ነው ያልነበረው።

እኔም ወደዚያ ዕድሜ እየተጠጋሁ ነው። ልጅ ሆኜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበርኩ፤ የሚሰጡኝም የአሮጊት ክፍል ነበር። ሻሽ አስረው፣ ምርኩዝ አስይዘው መድረክ ላይ ይለቁኛል። አዳራሹ ሲስቅ የሚሰማኝን ነገር እስካሁን አልረሳውም። ከዚያ ስደት መጣ፣ ሥራ መጣ፣ ልጆች መጡ። የሊዝን ታሪክ ያልተውኩት ለዚህ ይሆናል።

ስካንቶርፕ ላይ የቀረችው ልጅ

ሊዝ በ1921 በሰሜን ሊንከንሺር፣ ስካንቶርፕ በምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ተወለደች። የልጅነት ስሟ ቤቲ ነው። ሁለት ዓመቷ ላይ እናቷ በወሊድ ሞተች። ሰባት ዓመት ሲሆናት አባቷ ትቷት ሄደ፤ ሌላ ሚስት አግብቶ ከነጭራሹ ግንኙነቱን አቋረጠ። ያሳደገቻት አያቷ ናት።

ይህን አንብቤ ትንሽ ቆምኩ። በኋላ አገር ያወቃት አያት ሆና ስትጫወት ነው። ለእሷ ደግሞ እናትም አባትም የሆነችላት አያቷ ነበረች። ትወናዋን በዚህ ብቻ መተርጎም አልፈልግም፤ ሰው የኖረውን ሁሉ መድረክ ላይ ይዘረግፋል ብዬ አላምንም። ግን አሮጊት እንዴት እንደምትቀመጥ፣ ስትከፋ ምን እንደምትል፣ ምን ስትሰጣት ደስ እንደሚላት ከቅርብ ሆና ያየች ልጅ ናት። ገና በዘጠኝ ዓመቷ በከተማዋ መድረክ ላይ አስቂኝ አሮጊቶችን ትጫወት እንደነበር ሳነብ የቀበሌያችን አዳራሽ ትዝ አለኝ።

ጦርነቱ ሲመጣ የባሕር ኃይል የሴቶች ክፍል ገባች። ሕንድ ድረስ ሄዳ አገለገለች፤ የልጆቿን አባትም ያገኘችው እዚያ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ ተጋቡ፣ ሁለት ልጅ ወለዱ፣ ከዚያ ትዳሩ ፈረሰ። የ1950ዎቹ እንግሊዝ ለፈታች ሴት የሚመች አገር አልነበረም። ሁለት ልጅ ብቻዋን፣ ገንዘብ የለ፣ ጎረቤቱ የሚያይበት ዓይን ደግሞ ሌላ። ቀን ያገኘችውን ሥራ ትሠራለች። ማታ ማታ ትወና።

ማታ ማታ የሚለው ላይ መቆም እፈልጋለሁ። ስለ ሊዝ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። ግን ዓመታት የፈጀ ጊዜ ነው። በትናንሽ ቲያትር ቤቶች ተጫውታለች። በበጋ ሠራተኛው ሕዝብ ከነልጆቹ ለዕረፍት በሚሄድባቸው የበትሊንስ መዝናኛ መንደሮች መድረክ ላይ ወጥታለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቻርልስ ማሮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ አዘጋጅ ለንደን ውስጥ ያቋቋመው የልምምድ ቡድን አባል ነበረች። ቡድኑ የሚሠራው ያለ ጽሑፍ ነው። አንድ ሁኔታ ይሰጣችኋል፣ ማን እንደሆናችሁ ይነገራችኋል፣ ቀሪውን እዚያው መፍጠር ነው። የእኛ ቲያትር ሰዎችም ኢምፕሮቫይዝ ማድረግ ይሉታል። ይህ ደሞዝ የለውም። ጋዜጣ ላይ አይወጣም። ልጆቿን ቤት ትታ ትሄዳለች፣ ትሠራለች፣ ትመለሳለች።

ዲሴምበር 1970፣ ሃምሊስ

ሃምሊስ ማለት ሪጀንት ስትሪት ላይ ያለው ትልቁ የአሻንጉሊት መደብር ነው። ለንደን ልጅ ያሳደገ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። በገና ሰሞን ልጅ ይዞ መግባት ቀላል ነው፤ ይዞ መውጣት ነው ጭንቁ። ፎቁ ሁሉ ይጨናነቃል። ሻጮቹ ቆመው ይውላሉ። አንዱ የሚበር አውሮፕላን ወደ ጣሪያ ይወረውራል፣ አንዷ አረፋ ትነፋለች፣ ሌላው አስማት ያሳያል። ሳያቸው ሁሌም ግማሽ ሻጭ፣ ግማሽ ተዋናይ ይመስሉኛል።

በ1970 የገና ሰሞን ከእነዚህ ሻጮች አንዷ ሊዝ ስሚዝ ነበረች። በዚያው ወር 49 ዓመት ሞላት። የገና ግርግር ሲያልቅ የሚያልቅ ሥራ ነው።

እዚያ ቆማ ስትሸጥ መልእክት ደረሳት። አንድ ወጣት አዘጋጅ ፊልም ሊሠራ ነው፤ በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለች፣ ኢምፕሮቫይዝ ማድረግ የምትችል ሴት ይፈልጋል።

ወጣቱ ማይክ ሊ ነው። 27 ዓመቱ ነበር፤ ሊዝን እናቴ ቢላት አያስገርምም። ዛሬ ስሙ ትልቅ ነው። ያን ጊዜ ግን ገና የመጀመሪያ ፊልሙን ሊሠራ ነው፣ "ብሊክ ሞመንትስ" የሚባለውን። አሠራሩ ከሌላው ይለያል። የተጻፈ ድርሰት ይዞ አይመጣም። ተዋናዮቹን ይሰበስብና ለሳምንታት ያለማምዳቸዋል፤ ገጸ ባሕርያቱ ከልምምዱ ይወለዳሉ፣ ንግግሩም ከዚያ ይወጣል። ለዚህ ቃል ሸምድዶ የሚመጣ ተዋናይ አይበቃውም።

ይህን ቅጽበት ብዙ ጊዜ አሰብኩበት። ሰው የሚያወራው እንደ ተረት ነው። አሻንጉሊት ሻጯ ስልክ ተደወለላት፣ ሕይወቷ ተቀየረ፣ አለቀ። እኔ ግን ከመልእክቱ ይልቅ የሚስበኝ መልእክቱ እንዴት እሷ ጋ እንደደረሰ ነው። ሱቅ ገብቶ ዓይቷት "ነይ" ያላት የለም። የትወና ትምህርት ቤቱ፣ ወኪሉ፣ ትልልቁ ቲያትር ቤት የማያውቃት ሴት ናት። ሆኖም በዚያች ከተማ ውስጥ በዚያ ዕድሜ ያለ ጽሑፍ መሥራት የምትችል ሴት ማን ናት ተብሎ ሲጠየቅ ስሟ ተነሣ።

ዕድል ነው ወይ?

አንድ ነገር ልጨምር። "ብሊክ ሞመንትስ" ፊልም ከመሆኑ በፊት የመድረክ ሥራ ነበር። በዚያው በ1970 ዓመት ኦፕን ስፔስ በሚባል ትንሽ ቲያትር ቤት ታይቷል። ኦፕን ስፔስን ያቋቋመው ማን ነው? ቻርልስ ማሮዊትዝ። ያ ሊዝ ማታ ማታ ያለ ደሞዝ ትለማመድበት የነበረውን ቡድን የመሠረተው ሰው። መልእክቱ በየትኛው በር ዞሮ እንደመጣ በእርግጠኝነት ለመናገር አልደፍርም። ግን መንደሩ አንድ መንደር ነው። ሰዎቹ ይተዋወቃሉ።

የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል እንላለን። ደግ አባባል ነው፤ ትዕግሥትን ያበረታታል። ለሊዝ ግን አይመጥናትም። እሷ ዝም ብላ አልቆየችም። ቁጭ ብላ ስልክ የጠበቀች ሴት ብትሆን ስልኩ ባልተደወለ። ያን ጊዜ ሁሉ ማንም ሳያያት ሙያውን እየሠራች ነበር። አሻንጉሊት ሻጭ ሳለች ተዋናይት ሆነች የሚለው አባባል የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ተዋናይት ሆና አሻንጉሊት ትሸጥ ነበር።

ሌላም የሚቆጠቁጠኝ ነገር አለ። ይህ ታሪክ "መቼም አይረፍድም" ለማለት ነው የሚጠቀሰው። አንብቤ ስጨርስ ወዳጄን ደወልኩላት፤ አዲስ አበባ እያለች መድረክ የምትወድ፣ አሁን እንደኔ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። ነገርኳት። "ደስ ይላል፤ ግን እስከ 49 የት ነበሩ?" አለችኝ። ትክክል ናት። ረፍዶ ነበር እኮ። ሊዝ በሃያዎቹ፣ በሠላሳዎቹ፣ በአርባዎቹ ምን ትመስል እንደነበር፣ ፍቅረኛ ሆና እንዴት እንደምትጫወት፣ ወጣት እናት ሆና እንዴት እንደምትቆጣ እኛ ተመልካቾች አናውቅም። እሷ ችሎታው ያኔም ነበራት። ያኔ ግን ድርሰቱ ውስጥ ለእንደ እሷ ዓይነቷ የተተወ ቦታ አልነበረም። ቆንጆ ወጣት ትፈለጋለች፣ በደህና ትምህርት ቤት የተማረ አነጋገር ይፈለጋል። የፈታች፣ ሁለት ልጅ የምታሳድግ፣ የሰሜን ብረት ከተማ ልጅ ማን ይጽፍላታል?

ስለዚህ ዲሴምበር 1970 ላይ የተቀየረችው ሊዝ አይደለችም። አንድ ሰው ዋጋ የማይሰጣትን ሴት፣ የጽዳት ሠራተኛዋን፣ የደከመችውን እናት ፊልም ውስጥ ማየት ፈለገ። ያቺን ሴት የሚጫወት ሰው ሲፈልግ ሊዝ ዝግጁ ሆና ተገኘች።

ጀርባ የሚያሹ እጆች

"ብሊክ ሞመንትስ" ውስጥ ክፍሏ ትንሽ ነው። የዋናዋ ገጸ ባሕርይ የሥራ ባልደረባ እናት ናት። ቁም ነገሩ ቀጥሎ መጣ። በ1973 ማይክ ሊ ለቢቢሲ "ሃርድ ሌበር"ን ሲሠራ ዋናዋን ሴት፣ ወይዘሮ ቶርንሊን፣ ለሊዝ ሰጣት። ሳልፎርድ ውስጥ ያለ ቤት ነው። ቶርንሊ የሰው ቤት ታጸዳለች፣ የራሷን ቤት ታጸዳለች፣ ባሏን ታገለግላለች። ከዚያ ደግሞ እንደገና ታጸዳለች። (ወጣቱ ቤን ኪንግስሊም የታክሲ ሹፌር ሆኖ አለበት፤ ካያችሁት በዓይናችሁ ፈልጉት።)

አንድ ትዕይንት አለ። ባልየው ቁጭ ብሎ ጀርባውን እንድታሽለት ያዝዛታል። ፀጉራም፣ ሰፊ ጀርባ ነው። ሊዝ መድኃኒቱን ቀብታ ታሻለች። ትንፍሽ አትልም። እሱ ግን ያዝዛል። የዚህች ሴት ሕይወት ምን እንደሚመስል ማንም በቃል አይነግራችሁም፤ እጇን እያያችሁ ትረዱታላችሁ። እኔ በሙያዋ ማመን የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው። ተዋናይ ሲባል አንደበተ ርቱዕ፣ ድምፁ አዳራሽ የሚሞላ ሰው ይመስለናል። እሷ ዝምታ ተሰጥቷት ነው እንዲያ የሠራችው።

ከዚህ በኋላ ሥራ አልቆመም። ከፍ ያለው ሽልማት የመጣው በ1985 ነው። "ኤ ፕራይቬት ፋንክሽን" በሚባለው ፊልም፣ ከጦርነቱ በኋላ ሥጋ በራሽን በሚታደልበት ዘመን በድብቅ ስለሚቀለብ አሳማ በሚያወራው፣ የማጊ ስሚዝን እናት ሆና ተጫወተች። በደጋፊ ተዋናይት ዘርፍ ባፍታን፣ የእንግሊዝን ትልቁን የፊልም ሽልማት፣ ወሰደች። ማጊ ስሚዝም በዋና ተዋናይት ዘርፍ አሸነፈች። እናት እና ልጅ ሆነው የተጫወቱት ሁለቱ ሴቶች የዕድሜ ልዩነታቸው 13 ዓመት ነው። እሷ አሁንም አሮጊት ነበረች፤ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ።

አልጋ ላይ ያለችው አሮጊት

ሥራዎቿን በተከታታይ ሳይ አንድ ነገር ታየኝ፤ ሌላ ሰው ብሎት እንደሆነ አላየሁም። ሊዝ አልጋ አይለያትም። በ1984 በተሠራው "ኤ ክሪስማስ ካሮል" (የቻርልስ ዲከንስ የገና ታሪክ ነው) ፊልም ውስጥ የሞተውን ሀብታም መኝታ መጋረጃ ገፍፋ የምትሸጠውን ወይዘሮ ዲልበርን ተጫውታለች። ከ15 ዓመት በኋላ ያው ታሪክ እንደገና ሲሠራ እንደገና ጠሯት፣ ያችኑ ዲልበርን። "ዘ ቪከር ኦቭ ዲብሊ" ውስጥ ማንም ሊበላው የማይችል ምግብ የምትሠራው ሌቲሺያ ክሮፕሊ ነበረች፤ በ1996 አልጋ ላይ ሆና ትሞታለች። በ2005 "ቻርሊ ኤንድ ዘ ቾኮሌት ፋክተሪ" ውስጥ አራት አያቶች በአንድ አልጋ ይተኛሉ፤ አንዷ እሷ ናት፣ አያት ጆርጂና። ልጆቻችን የሚያውቋት ከዚያ ነው። በዓመቱ ደግሞ ያ የማንቸስተር ሳሎን።

አሮጊት አልጋ ላይ ከዋለች ብዙ ጊዜ ታሪኩ ስለ ሌላው ሰው ይሆናል። ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ ውርስ ይነሣል፣ ዶክተር ይመጣል። እሷ ትራስ ሆና ትቀራለች። ሊዝ ይህን አልፈቀደችም። "ዘ ሮይል ፋሚሊ" ውስጥ አያት ኖርማ አልጋ ላይ ሆናም ነገረኛ ናት። ሆዳም ናት። ማን ምን አመጣልኝ ብላ ታያለች። ትፈራለች። ትወዳለች። ደጋጎቹን አያቶች ብቻ መጫወት ትችል ነበር፤ ተመልካችም ይወድላት ነበር። እሷ ግን አሮጊቶቿን ከነጥፋታቸው ነው ያመጣቻቸው። እውነት የሚመስሉትም ለዚህ ነው።

ይህን የጻፉላት ካሮላይን አኸርን እና ክሬግ ካሽ ለዚያ ክፍል ከፊል ሜሊ ጋር ሆነው ነው የሠሩት። ተከታታዩ ሲጀመር፣ በ1998፣ ሊዝ 76 ዓመቷ ነበር። የተመልካች ሳቅ አልተቀዳበትም፤ የሚሆነው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ቤት ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ተዋናይ መደበቂያ የለውም። ካሜራው ፊት ላይ ነው፣ ዝምታው ረጅም ነው። ያ የማሮዊትዝ የማታ ልምምድ ለዚህ ቀን የተደረገ ይመስላል። በ2007፣ በ85 ዓመቷ፣ በዚያችው ክፍል የብሪትሽ ኮሜዲ አዋርድስ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወሰደች። በ2009 ከንግሥቲቱ የኤም.ቢ.ኢ. ኒሻን ተሰጣት። ስትሮክ ደጋግሞ ስለመታት ሥራ ያቆመችውም በዚያው ዓመት ነው። በ2016 የገና ዋዜማ ዕለት በ95 ዓመቷ አረፈች።

ወዳጄ አንድ ቅዳሜ ቤቴ መጣች። ከየትኛው እንጀምር ስትለኝ ንግሥተ ሳባን አላልኳትም። "ሃርድ ሌበር"ን ከፈትኩላት። ወደ መጨረሻው ወይዘሮ ቶርንሊ ንስሐ ትገባለች። ካቶሊክ ናት። ለሰው በቂ ፍቅር እንደሌላት፣ ለባሏም ጭምር፣ ለቄሱ ትናገራለች። ቄሱ ልብ ብሎ አይሰማትም፤ እንደ ልማዱ መልሶ ይሸኛታል። ወዳጄ "መልሺው" አለችኝ፤ መለስኩት። ደግመን አየን። ከዚያ ክርክር ጀመርን። እሷ "ይህች ሴት እውነትም ፍቅር አልቆባታል፣ የተናገረችው እውነቷን ነው" አለች። እኔ አይደለም አልኩ። ፍቅር ስለሌላት አይደለም፤ ደክሟት ነው፣ ድካሟን ኃጢአት አድርጋ ቆጥራዋለች። ሊዝ የትኛውን አስባ እንደተጫወተችው ፊቷ ላይ ፈለግን። ፊቷ ለሁለታችንም እውነት ሰጠን። ቡናው በረደ፣ ክርክሩ ግን አላለቀም፤ ሌላ ቅዳሜ ልትመጣ ተቀጣጥረናል።